በየማለዳው ባዶ ወረቀት

ኖቬምበር 12፣ 1973

አባዬ ያንኑ ክፍል ዛሬም ጻፈው። ባለፈው ሳምንት የጻፋቸው ሁለቱ እኔ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ምሳ ላይ ብዕሩን ከድኖ፣ «በመጨረሻ ተገላገልኩት!» አለኝ። ፊቱ እንደዚህ ሲበራ ካየሁ ቆይቻለሁ። «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ክፍሉ ስለ ሁለት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ቃላት ነው፤ ስለ «ላይክ» እና ስለ «አዝ»። ሁለቱም አንዱን ነገር ከሌላው ያመሳስላሉ። «እንደ አባቱ ነው» ለማለት ላይክ ይበቃል። «በጦርነቱ ጊዜ እንደነበረው» ወይም «በገጠር እንደሚደረገው» ለማለት ግን፣ ቃሉ መስተዋድድ ካለበት ሐረግ ፊት ስለሚቆም፣ አዝ ነው የሚገባው። አገሩ ሁሉ ላይክ ይላል። አባዬ ዕድሜውን በሙሉ አዝ ሲል ኖረ፤ አርባ ዓመት ባስተማረበት ትምህርት ቤትም የሰው ልጅ ሁሉ አዝ እንዲል ሲያስገድድ ኖረ። ስለ እንግሊዝኛ አጠቃቀም ለጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ እትም የቀረው ይኼ ክፍል ብቻ ይመስለዋል። የቀረውስ የመጽሐፉ ግማሽ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሚስተር ክሬል ከአሳታሚው ቤት ደወለ።

«አባትዎ እንዴት ናቸው ሚስ ጋርሳይድ? ጃንዋሪ መጨረሻ እንደርሳለን?»

«ደህና ነው። ሥራው እየሄደ ነው» አልኩ።

እየሄደ ነው። አልዋሸሁም።

ኖቬምበር 15

ማንቆርቆሪያው ምድጃ ላይ ተረስቶ ተቃጥሏል፤ ታቹ ወልቋል። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ በሙሉ ይሸት ነበር። እሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይጽፋል። ተመሳሳይ ማንቆርቆሪያ ገዛሁ። ልዩነቱን አላወቀም።

ኖቬምበር 19

ዛሬ ጠዋት እንቁላሉን እየላጠ ቀና ብሎ አየኝ። «ኢነድ፣ ስለ አዝ ጽፌያለሁ እንዴ?»

ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት አየሁ። እውነቱን ብነግረው ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል ሲዞር፣ መሳቢያ ሲከፍት ሲዘጋ ይውላል። ባለፈው ሳምንት እንደዚያ ሆኗል።

«አልጻፍክም አባዬ» አልኩት።

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» ብሎ ተነሳ። እስከ ምሳ ከወንበሩ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከቀሩት ሦስት ክፍል ጽፌ ጨረስኩ። በጽሑፍ መኪና ስመታው የማን እጅ እንደጻፈው አይለይም። ሃያ ዓመት የሱን ጽሑፍ ስመታ ኖሬ የማላውቀው ኮማ የለም።

ማታ የጻፈውን አነሳሁና ባዶ ወረቀት አስቀመጥኩለት።

ኖቬምበር 23

ጎረቤታችን ሚስስ ስታብስ ክንዱን ይዛ አመጣችው። የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ በቤት ጫማ ቆሞ ነበር። ዝናብ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ የገባሁት እነሱ ገና በር ላይ ሳሉ ነው።

«ሆዴ፣ አባትሽ ትምህርት ቤት ረፍዶብኛል ይላሉ» አለችኝ።

«ቀልድ ነው ሚስስ ስታብስ። አባዬ ይቀልዳል።»

«በዚህ ጫማ?»

«እኔ አልቀለድኩም» አለ አባዬ። «ይህች ሴትዮ ግን ‹ላይክ በበጋ ወጥተዋል› አለችኝ። እንዴት አድርጌ ልተዋት?»

ሚስስ ስታብስ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን እኔን ነበር የምታየው። ለጎረቤት ሁሉ እንደምትናገር አውቃለሁ። የሰፈሩ ሬድዮ ነች።

እግሩን በሙቅ ውሃ አጠብኩለት። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ደወልኩና እስከ ገና በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንደምመጣ ነገርኳቸው። ለማስተምረው ላቲን የሚጓጓ ተማሪም የለም።

ኖቬምበር 28

ሥጋ ቤት ተሰልፌ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንዷ ሚስስ ስታብስ ናት፤ ድምፅዋ አይደበቅም።

«እንደ ጋሪ ፈረስ እየነዳቻቸው ነው። በበረዶውም በጨለማውም ጻፍ ጻፍ ነው።»

«መጽሐፉ መቼ ያልቃል?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰውዬው ከመጽሐፉ ቀድመው ያልቃሉ።»

ጉበቱን ሳልገዛ ወጣሁ። እኔ ነኝ የምነዳው? ወረቀቱን ብነጥቀው የሚያለቅስ ሰው ነው። መሥራት ባይችል ኖሮ አንድ ነገር ነው፤ እየሠራ እኮ ነው። በየቀኑ ይሠራል።

ዲሴምበር 4

ኔቪል ከሊድስ ደወለ። ወንድሜ የሚደውለው ወይ ሰው ሲሞት ወይ ሚስቱ ስትገፋው ነው። ሚስስ ስታብስ ለሚስቱ ለጁን ጽፋላት ነው፤ አድራሻዋን ከየት እንዳገኘች እግዜር ይወቀው።

«ለዶክተር ሜንዚስ አሳይተሽዋል?»

«ከገና በኋላ አሳየዋለሁ።»

«ለምን ከገና በኋላ?»

«ሥራ ላይ ነው ኔቪል። ሐኪም ቤት ቢገባ መድኃኒት ይሰጡታል፣ ያደነዝዙታል። መጽሐፉ ይቆማል። መጽሐፉ ከቆመ ሰውየው ይሞታል።»

«ማነው የሚጽፈው ኢነድ?»

«ማን ይጽፋል ታዲያ!»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሹራብ ደረብኩ፤ ኮሪደሩ ይበርዳል።

ዲሴምበር 9፣ እሑድ

ይህን በሙሉ መጻፍ አለብኝ፤ ነገ እረሳዋለሁ ብዬ ሳይሆን መርሳት እፈልግ ይሆናል ብዬ ስለምፈራ ነው።

አባዬ የሚሠራው በካርድ ነው። ከጋዜጣ፣ ከደብዳቤ፣ ከሱቅ ማስታወቂያ ያገኘውን ዓረፍተ ነገር በመቀስ ይቆርጣል፤ ካርድ ላይ ይለጥፋል፤ ከሥሩ ምንጩንና ቀኑን ጽፎ በጫማ ካርቶን ውስጥ በፊደል ተራ ያስቀምጣል። የሚቆርጠው የሚፈልገው ቃል ያለበትን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የተረፈው ወደ ቅርጫት። እናቴ በሕይወት ሳለች ጋዜጣውን ሳታነብ እንዳይቆርጠው ትደብቅ ነበር። ሁልጊዜ የምትደብቀው ፍራሽ ሥር ነው፤ ሁልጊዜ ያገኘዋል።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። ከጠዋት ጀምሮ ከነዚያ ካርዶች ጋር ተቀምጦ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ጠራኝ። ድምፁ የድሮ ድምፁ ነበር። እጄን ሳላደርቅ ሄድኩ።

«ተቀመጪ» አለኝ። «እነዚህን ሁሉ አነበብኳቸው። የገበሬውን፣ የወታደሩን፣ የዚያችን ልጇ የሞተባትን ሴትዮ። ‹ላይክ በሕልም አየሁት› ትላለች። ከዚህ ሌላ ምን ትበል ትያለሽ?»

«‹አዝ በሕልም› ትበላ። አንተ ነህ ያስተማርከን።»

«አስተምሬያለሁ።» ካርዷን በጣቱ ነካ ነካ አደረጋት። «ይህች ሴትዮ ስትናገር እኔ እዚያ ብሆን ኖሮ አፏን አዘግቼ አርማት ነበር። አስቢው እስቲ። ልጇ ሞቶባት።»

ከዚያ ጻፈ። አንድ ገጽ ነው፤ አጭር። ቃሉን ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች እንተውላቸው፣ ቸኩሎ ወይም አዝኖ የሚናገርን ሰው ማቋረጥ ከስህተቱ የባሰ ስህተት ነው ይላል። ፊርማውን አኖረበት። ከዚህ ቀደም ክፍል ላይ ፈርሞ አያውቅም።

ሲጨርስ ሻይ ጠየቀኝ። ሻዩን ይዤ ስመለስ፣ «እናትሽ የት ሄደች?» አለኝ።

ገጹን ደጋግሜ አየሁት። የሱ አይመስልም። ሰዎች መጽሐፉን የሚገዙት እንዲህ ዓይነት ነገር ለማንበብ አይደለም። የመጽሐፉን መልክ ያበላሻል፤ ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ አንድ ነገር ሲሉ ይኼ ሌላ ይላል። ከሁለተኛው እትም ላይ የነበረውን አንስቼ ጥቂት ጠበቅ አደረግኩት። እሱ በደህናው ጊዜ ቢሆን የሚመርጠው ያንን ነበር። እርግጠኛ ነኝ።

የዛሬውን ከሌሎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ። አልቀደድኩትም።

ዲሴምበር 14

ለአሳታሚው የላክሁት የመጽሐፉ ናሙና ደርሶታል። ሚስተር ክሬል ራሱ ደወለ፤ የቢሮ ጸሐፊዋ አይደለችም።

«ሚስ ጋርሳይድ፣ የአባትዎ ብዕር እንዲህ ተስሎ አያውቅም! ያቺ ስለ ጋዜጠኞች ያሏት ነገር፣ ቢሮው በሙሉ ሳቀ።»

ያቺን የጻፍኳት ረቡዕ ዕለት ድንች እየላጥኩ ነው። ለብቻዬ ስቄ ነበር።

«እነግረዋለሁ» አልኩ።

«ለርስዎም በምስጋናው ገጽ ላይ ቦታ ይኖራል።»

ለአባዬ ነገርኩት። «ክሬል? ክሬል ማነው?» አለ።

እንዲህ ተስሎ አያውቅም።

ዲሴምበር 18

መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። አባዬ በሻማ ያንኑ ጻፈ። እኔም በሻማ። አራት ክፍል። ዓይኔ ይቆጠቁጣል።

ዲሴምበር 26

ኔቪልና ጁን ትናንት መጥተው ዛሬ ሄዱ። ባይመጡ ይሻል ነበር።

አባዬ ጁንን ቀኑን ሙሉ በእናቴ ስም ሲጠራት ዋለ። እሷም ጎበዝ ናት፤ «አቤት» እያለች ዶሮ አቀረበችለት። ጣፋጩ ፑዲንግ ሲቀርብ ኔቪል ቢላውን አስቀምጦ፣

«አባዬ፣ እኛ ጋ ብትመጣ ምን ይመስልሃል? ሞቅ ያለ ክፍል አለ፤ ከመስኮቱ መናፈሻው ይታያል» አለው።

«ምን ልሠራ?»

«ልታርፍ።»

«ከምን?» አለ አባዬ። ጁን ሳቀች። አባዬም ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደክሞኛል ግን» አለ።

ሁሉም ሰማ። እኔ ሳህን ማንሳት ጀመርኩ።

ወጥ ቤት ኔቪል ተከተለኝ። መሳቢያውን ከፍቶ አይቷል፤ ቢላ ሲፈልግ ነው አለ። ቢላ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም።

«ኢነድ፣ ያንኑ ገጽ ስንት ጊዜ ነው ያስጻፍሽው?»

«አላስጻፍኩትም። እሱ ነው የሚጽፈው።»

«በየጠዋቱ ባዶ ወረቀት የሚያስቀምጥለት ማነው?»

«ስታየው አይደል፣ ሲጽፍ ደስተኛ ነው።»

«ደክሞኛል አለሽ እኮ።»

«የገና በዓል ነዋ! ዶሮ በላ፣ ወይን ጠጣ፣ ማን አይደክመው? አንተ ነህ የምትነግረኝ? እናታችን ስትታመም የት ነበርክ?»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ፊቱ ጠቆረ። ሳህን ማድረቂያውን ጨርቅ አጣጥፎ አስቀመጠ፤ «የጃንዋሪ መጨረሻ ቅዳሜ በመኪና እመጣለሁ፤ እወስደዋለሁ። እስከዚያ መጽሐፍሽን ጨርሺ» አለኝ።

መጽሐፍሽን አለ። አላረምኩትም።

ጃንዋሪ 7፣ 1974

ከሰል ስላጠረ ፋብሪካው ሁሉ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። ሱቆች በሻማ ይሸጣሉ። ሰው ሁሉ ስለ ከሰልና ስለ ሻማ ነው የሚያወራው። ለኔ ተመችቶኛል፤ ማንም ቤት ድረስ አይመጣም።

ስወጣ የላምባ ማሞቂያውን አጠፋለሁ። እሳት ይነሳል ብዬ እፈራለሁ። አባዬን ሁለት ሹራብና ካፖርት አልብሼ ነው የምተወው። በሩን ስለ መቆለፍም አሰብኩ። እስረኛ ግን አይደለም። ደግሞ አንድ ነገር ቢፈጠር በምን ይወጣል?

ጃንዋሪ 15

ማክሰኞ። የመጽሐፉን ምንጮች ሳጣራ ቤተ መጻሕፍት ዋልኩ። ሚስስ ስታብስ ከምሳ በፊት መጥታ አብራው እንድትቀመጥ ለመንኳት። ስመለስ ካርታ ሲጫወቱ አገኘኋቸው። ያታልላታል፤ ታውቃለች፤ ዝም ትለዋለች።

«ሆዴ፣ ሐኪም ጥሪ» አለችኝ በሩ ላይ።

«ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው።»

«ምኑ?»

ጃንዋሪ 22

ዛሬም ማክሰኞ፣ ዛሬም ሚስስ ስታብስ። የመጨረሻውን ክፍል መታሁ። መጽሐፉ አለቀ። ጠረጴዛው ላይ ቆልዬው ለረጅም ጊዜ አየሁት። ለአባዬ አሳየሁት። ክብደቱን በሁለት እጁ መዝኖ፣ «ማነው የጻፈው?» አለ።

«አንተ።»

«ጎበዝ ነኝ» አለ።

ሚስተር ክሬል በፖስታ ይላኩልኝ ብሏል። በዚህ ክረምት ፖስታ አይታመንም። ራሴ እወስደዋለሁ። ሐሙስ ሄጄ ሐሙስ እመለሳለሁ። ኔቪል የሚመጣው ቅዳሜ ነው።

ጃንዋሪ 24፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ባቡሩ እንዳያመልጠኝ። አባዬ ተኝቷል። ለሚስስ ስታብስ ትናንት እንደ ማክሰኞው ብቅ በይልኝ ብያታለሁ፤ ሎንዶን እንደምሄድ አልነገርኳትም፤ ስብከቷን አልችልም። ለሱ ወረቀት ጽፌ ሻይ ማፍያው ሥር አደርጋለሁ።

ጃንዋሪ 25

አሁን ነው የተቀመጥኩት። ሆስፒታል ነው፤ አግዳሚ ላይ። ኔቪል እየመጣ ነው።

ልጻፈው። ሚስተር ክሬል ጽሑፉን ተቀብሎ እዚያው እፊቴ ማንበብ ጀመረ። ምሳ ጋበዘኝ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅና ሻማ ነበር፤ መብራት ስለሌለ ነው፤ ግን ያምር ነበር። «አባትዎ ይህን ሲጽፉ አጠገባቸው መሆን ምን ያህል መታደል ነው» አለኝ። ስለ እያንዳንዱ ክፍል ጠየቀኝ፣ እኔም መለስኩ፣ አወራሁ። እንደዚያ አውርቼ አላውቅም። የመጀመሪያውን የመመለሻ ባቡር ልይዝ እችል ነበር። ነጂዎቹ አድማ ላይ ናቸው፣ ሊቀር ይችላል ብለው ነበር። ቀርቶ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ስደርስ መሽቷል። በሩ ገርበብ ብሏል። ቤቱ ጨለማ ነው። ሚስስ ስታብስ ሻማ ይዛ ከቤቷ ወጣች። መጥታ ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሎ ሰው የለም፤ እኔ ይዤው የወጣሁ መሰላት። ለምን አይመስላት። አልነገርኳትም።

አባዬን ያገኘው የድሮ ትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። ብስክሌት ማቆሚያው ውስጥ፣ ቆርቆሮው ሥር ቆሞ ነበር፤ ክራቫት አስሮ፣ ካፖርት ሳይለብስ። ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ነበር። ዘበኛውን «ደወሉ ለምን ዘገየ?» ብሎት ነበር አሉ።

ጃንዋሪ 26

ልብሱን ልወስድ ቤት ሄጄ ነበር። ወረቀቴ ሻይ ማፍያው ሥር የለም። ወለሉ ላይም የለም። አላነበበውም ብዬ ተጽናናሁ፤ ነፋስ ወስዶታል፣ ወይም ሳያየው ወጥቷል።

ጠረጴዛው ላይ መቀሱና ሙጫው ነበሩ። ሙጫው ክዳኑ አልተዘጋም፤ ደርቋል።

ካርቶኑን ከፈትኩ። አዲስ ካርድ ገብቶበታል፤ የፊደል ተራውን ጠብቆ። ካርዱ ላይ ከወረቀቴ የተቆረጠች አንዲት ዓረፍተ ነገር ተለጥፋለች፤ ሚስስ ስታብስ እንደ ማክሰኞው ትመጣለች የምትለዋ። ስቸኩል ላይክ ብዬ ጽፌያለሁ። በቀይ እርሳስ ሰርዞ ከላዩ አዝ ብሎበታል። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ከሥሩ፣ «የቤት ውስጥ ማስታወሻ። ጸሐፊዋ የተማረች ሴት።» ቀኑንም አልተሳሳተም።

ቅርጫቱ ውስጥ የተረፈውን አገኘሁት። «ከቤት አትውጣ» ይላል።

ጃንዋሪ 27

ሳንባው ነው። ዶክተር ሜንዚስ ኮሪደር ላይ አቆመን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚረሱት?»

«ከገና ወዲህ» አልኩ።

ኔቪል ዞሮ አየኝ። ዶክተሩ ጻፈው።

በኋላ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ኔቪል ጠየቀኝ። «ማስታወሻ አልተውሽለትም?»

«ትቼለት ነበር። ያየው አይመስለኝም።»

ኩባያውን አሽከረከረ። «አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ ደብዳቤ ጽፌለት ነበር። ስምንት ዓመቴ ነው። ይመቱኛል፣ መጥተህ ውሰደኝ ብዬ። መልስ አልመጣም። ካደግኩ በኋላ ካርቶኑ ውስጥ አገኘሁት። ደብዳቤውን አይደለም፤ አንዲት መስመር። ‹እዚህ ላይክ በቤታችን አይደለም› የምትለዋን።»

«አልነገርከኝም» አልኩት።

«ምን ብዬ? አንቺ እኮ ነበርሽ የምትለጥፊለት።»

አላስታውስም። ምናልባት ለጥፌ ይሆናል። ብዙ ነበሩ።

ጃንዋሪ 29

ትንሽ ነቃ ብሎ ነበር። ነርሷ ትራሱን ስታስተካክል፣ «ላይክ በቤትዎ ሆነው ይረፉ» አለችው። ጠበቅኩ። ዓይኑን ገልጦ አያት።

«አመሰግናለሁ የኔ ልጅ» አላት።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ።

ጃንዋሪ 30

ጠዋት። ሲያርፍ ኔቪል አጠገቡ ነበር። እኔ ልብስ ልቀይር ቤት ነበርኩ።

ፌብሩዋሪ 1

ሚስስ ስታብስ ሾርባ ይዛ መጣች። ይቅርታ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ በምን እንደሆነ አላውቅም። ሾርባውን አስቀምጣ፣ «ካርታ ላይ ጎበዝ ነበሩ» አለች። ከዚያ አለቀሰች። ትከሻዋን ያዝኳት። እኔ አላለቀስኩም።

ኔቪል የሞቱ ማስታወቂያ የሎንዶን ጋዜጣ ላይ ይውጣ አለ፤ የድሮ ተማሪዎቹ እንዲያዩ። የከተማው ጋዜጣ ይበቃል አልኩት። ለምን አለ። አባዬ ግርግር አይወድም አልኩ። ይወድ ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን።

ፌብሩዋሪ 4

ቀብሩ በሚመጣው ሐሙስ እንዲሆን ተወሰነ። ኔቪል ከቄሱ ጋር ጨርሷል። እኔ መዝሙሮቹን መረጥኩ።

ከምሳ በኋላ ስልክ ጮኸ። ሚስተር ክሬል ነው። አንብቦ ጨርሷል። ስለ አዝ የተጻፈውን ክፍል ለባልደረቦቹ ጮክ ብሎ አንብቦላቸዋል፤ እንዲህ ያለ ጥብቅነት በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል ብለዋል። መጽሐፉ በመጸው ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን የታተመው ረቂቅ ለመጨረሻ እርማት ይመጣል፤ ለዚያ የሳቸው ፊርማ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

«ፊርማው ችግር የለውም» አልኩ።

«ደግሞ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ሐሙስ ለሥራ ወደ ሰሜን እወጣለሁ፤ በከተማችሁ ነው የማልፈው። ለአምስት ደቂቃ ገብቼ እጃቸውን ብጨብጥ እንዴት ደስ ባለኝ።»

ወጥ ቤት ውስጥ ኔቪል የሬሳ ሳጥኑን ማን ማን እንደሚሸከም ለጁን ይነግራታል። ድምፁ በግልጽ ይሰማ ነበር። በሩን በእግሬ ገፋ አድርጌ ዘጋሁት።

«ሐሙስ አይመቸውም» አልኩት።